የነፍጥ አፍና የእርሳስ ልክ በየጁ ምድር

ስለ የጁ መሳፍንት የጻፉ ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን ቆጥረው፣ ያነገሧቸውንና የሻሯቸውን ዐፄዎች ዘርዝረው፣ የተዋጉባቸውን ሜዳዎች በየስማቸው ጠርተው ሲያበቁ፣ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ሳያነሡት ያልፋሉ፤ ይኸውም በዚያ ዘመን አንድ ነፍጥ ያዥ በአፈሙዙ በኩል የሚያወርዳት የእርሳስ ድቡልቡል ምን ያህል መወፈር እንደነበረባትና፣ በእርሷና በብረቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት በምን ይደፈን እንደነበረ ነው። ነገሩ ከታላላቆቹ የታሪክ ነገሮች አጠገብ ሲቆም ጥቂት ይመስላል። እኔ ግን ከወልድያ ቁልቁል ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ቆላ በሚዘረጋው አገር የበቀለ ቤት ለሰባ ዓመት ያህል የጎንደርን ዙፋን በእጁ አድርጎ ሊቆይ የቻለበትን ምክንያት ስመረምር፣ ከዚህች ጥቂት ነገር የበለጠ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

አገሩን ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይቀበለዋል። ወልድያ በተራሮች መካከል ተቀምጣ ሳለች፣ ከእርሷ ወደ ደቡብ በሲሪንቃ በኩል አልፎ መርሳ ሲደረስ ምድሩ እየሰፋ ይሄዳል፤ በሰሜን በአላውሃ፣ በደቡብ በሚሌ ወንዝ የተከበበው የሀብሩ ቆላም በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ዝቅ እያለ ይወርዳል። ይህ የፈረስ አገር ነው። በዚህ ምድር ላይ ያደገ ጎልማሳ ከነፍጥ አስቀድሞ ኮርቻን፣ ከባሩድ ሽታ አስቀድሞ የጋማን ሽታ ያውቃል።

ከአፈሙዙ የሚጎርሰው ነፍጥ፣ በኋላ ሕዝቡ ፈጣኑን ጠመንጃ ሲያይ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የጠራው ማለት ነው፣ አጎራረሱ እንዲህ ነው። ያዡ ሰደፉን መሬት ላይ ተክሎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ያቀናል፤ ከቀንድ ውስጥ ባሩድ በመስፈሪያ ለክቶ ያፈሳል፤ በአፈሙዙ ላይ ቅባት የነካ የጨርቅ ቁራጭ ያነጥፋል፤ በጨርቁ መካከል እርሳሱን አኑሮ በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘንጉን መዝዞ ጨርቁንና እርሳሱን በአንድነት እየገፋ ባሩዱን እስኪነኩ ድረስ ያወርዳቸዋል። በእርሳሱና በባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ብረቱ በያዡ ፊት ሊፈነዳ ይችላልና፣ የለመደ ሰው ዘንጉ ከአፈሙዙ ምን ያህል ብቅ ብሎ መቅረት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላም ገና በጎን ባለችው ቀዳዳ አጠገብ ጥቂት ባሩድ ነስንሶ፣ የተለኮሰውን የጥጥ ክር ጫፍ እፍ ብሎ አንቅቶ፣ አነጣጥሮ መተኮስ ይቀረዋል።

የእርሳሱ ልክ በሁለት ወገን የሚቀጣ ሕግ አለው። እርሳሱ ከአፈሙዙ ስፋት በጥቂት እንኳ ከበለጠ ዘንጉ በመካከል ይቆማል፤ ያዡም በጦር ሜዳ ላይ መውጣትም መውረድም ያቃተው እርሳስ የተሰነቀረበትን ብረት ታቅፎ ይቀራል። ካነሰ ደግሞ የባሩዱ ኀይል በዙሪያው ሾልኮ ያመልጣል፤ ጥይቱም በብረቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ይወጣና የመጨረሻው ግጭት ወዳዘነበለው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የተኳሹ ዐይንም ሆነ ልብ ሊያቀናው አይችልም። ከዚህም የከፋ አለ፤ ልቅ የሆነ ጥይት ያጎረሰ ሰው ከወልድያ በላይ ካለው ተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ወደ ቆላው ሲያነጣጥር፣ እርሳሱ ሳይተኮስ ተንከባሎ ሊወጣበት ይችላል።

ታዲያ ልክ በልክ አድርጎ ማበጀት ነው የሚል ቢኖር፣ ጥቁር ባሩድ ያንን አይፈቅድም። ከተቃጠለው ባሩድ ብዙው ወደ አየር ሳይለወጥ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም ከፊሉ በብረቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ስለሚጋገር አፈሙዙ በየተኩሱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ተኩስ በቀላሉ የወረደው እርሳስ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አልወርድ ይላል። የእንግሊዝ እግረኛ ሠራዊት ከመቶ ዓመት በላይ በያዘው ነፍጥ አፈሙዙ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እርሳሱ 17.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን የተወሰነው በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ክፍተት ለማነጣጠር ጥፋት፣ ለፍጥነት ግን ጥቅም ነው፤ ተጠጋግቶ ተሰልፎ በአንድነት የሚተኩስ ሠራዊት ማነጣጠሩን ትቶ በደቂቃ እስከ ሦስት ጊዜ መተኮሱን መረጠ። ከዚያም በኋላ ሾጣጣ ጥይት የሚጎርሰው የኤንፊልድ ነፍጥ በወጣ ጊዜ፣ ጥይቱን መጀመሪያ 14.4 ሚሊ ሜትር አድርገው ቢሠሩት በሕንድ ሐሩር በውጊያ መካከል አልወርድ ስላለ፣ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሊያደርጉት ግድ ሆነባቸው። ያ ሁሉ ፋብሪካና መሐንዲስ ያለው መንግሥት እንዲህ ከተቸገረ፣ በገዛ ምድጃው ላይ እርሳስ የሚያቀልጥ የየጁ ወይም የትግሬ ነፍጠኛ ምን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልገው እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

እርሳስ በ327 ዲግሪ ሙቀት ስለሚቀልጥ የቤት እሳት ይበቃዋል። ችግሩ እርሳሱን ማግኘቱና ልኩን መጠበቁ ነው። የድቡልቡል ነገር ወርዱ በጥቂቱ ሲጨምር ክብደቱ በብዙ ይጨምራል፤ 17.5 ሚሊ ሜትር የሆነው ጥይት 32 ግራም ያህል ሲመዝን፣ 19 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን ወደ 41 ግራም ይጠጋል፤ ስለዚህ ከአንድ ኪሎ እርሳስ ከፊተኛው 31፣ ከኋለኛው 24 ብቻ ይወጣል። ነጋዴ ከባሕር ጠረፍ በብዙ ቀን መንገድ አምጥቶ የሚሸጠውን እርሳስ ለሚገዛ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ፈረንጆች የአፈሙዝን ስፋት የሚሰይሙት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጣው የጥይት ቁጥር ነበር፤ ዛሬም የአደን ጠመንጃ ባለ 12፣ ባለ 16 የሚባለው ከዚያ የተረፈ ነው። በእኛም አገር ለገበያው ገንዘብም ሚዛንም ሆኖ የኖረው የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ የዚያኑ ያህል እርሳስ ቀልጦ ቢድበለበል ወርዱ 17 ሚሊ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ይቀረዋል፤ ይኸውም ከፈረንጆቹ ባለ 16 ጋር የሚገጥም ነው። ሚዛን የያዘ ሰው ሌላ መለኪያ ባይኖረው እንኳ በአንድ ብር የጥይቱን ልክ ሊፈትን ይችል ነበር።

የእርሳሱ ባልንጀራ ጨርቁ ነው፤ ሊቃውንቱ በታሪክ መጽሐፍ ያላነሡት እርሱን ነው። ውስጡ በጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸ ነፍጥ ካለ፣ ድቡልቡሉ እርሳስ ራሱ ቦዩን አይነካም፤ ቦዩን የሚይዘውና ጥይቱን እያሾረ የሚያወጣው ጨርቁ ነው። አፈሙዙ 12.7 ሚሊ ሜትር ለሆነ እንዲህ ያለ ብረት 12.4 ሚሊ ሜትር የሆነ እርሳስና ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ጨርቅ ይስማሙታል፤ ጨርቁ በእርሳሱ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ ድምሩ ከአፈሙዙ ስፋት ይበልጣል፤ ያ ትርፉ ወደ ቦዩ ይገባል። ውስጡ ልሙጥ በሆነው፣ በአገራችንም እጅግ በበዛው ነፍጥ ግን የጨርቁ ሥራ ክፍተቱን መድፈንና እርሳሱን ከባሩዱ ላይ ማጽናት ነው።

ጨርቁም እንደ እርሳሱ ምርጫ ይፈልጋል። ሳሳ ተደርጎ የተሸመነ ነጠላ በዘንጉ ግፊት ይቀደዳል፤ የቡልኮ ቁራጭ ጭራሹን አይገባም፤ በጥብቅ የተሸመነ ከባሕር ማዶ የሚመጣ አቡጀዲ ግን ቀጭንም ጽኑም ስለሆነ ለዚህ ግብር የተሻለው ነው። ብልህ ተኳሽ መምረጡን የሚያረጋግጠው ከተኮሰ በኋላ ነው፤ ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ሄዶ የወደቀችውን ጨርቅ ከሣሩ ውስጥ ያነሣታል። መካከሏ ጠቁሮ ዙሪያዋ ሳይጎዳ ከተገኘች ልኩ ተስማምቷል፤ በክብ ተቆርጣ ከተገኘች እርሳሱ ወፍሯል፤ ተቃጥላ ተበሳስታ ከተገኘች ጨርቁ ሳስቷል ወይም ቅባቱ አንሷል። በዚያች በጠቆረች ቁራጭ ላይ የነፍጡ ጠባይ ሁሉ ተጽፎ ይነበባል፤ እኔም ከጦር መሣሪያ ጥበብ ሁሉ ይህን የሚያህል የሚያስደንቀኝ የለም።

ቅባቱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በ1849 ዓ.ም. የሕንድ ወታደሮች በእንግሊዝ ላይ የተነሡበት ትልቁ ዐመፅ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ የተጫረው የኤንፊልዱ ጥይት የተጠቀለለበት ወረቀት በላምና በዐሣማ ስብ ተቀብቷል፣ ያንንም በጥርሳችን ቀደን እንድናጎርስ ታዘዝን በሚል ቍጣ ነው፤ ፊተኛው ሂንዱውን፣ ኋለኛው እስላሙን አስቈጣ። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቀዬ በሚኖሩበት፣ በአንድ ገበያ በሚገበያዩበት፣ ነገር ግን አንዱ የሌላውን እርድ በማይበላበት በወሎ ምድር፣ ለጨርቁ መቀቢያ ቅቤና ሰም መኖሩ መልካም ነገር ነበር፤ ሁለቱንም ሁለቱም ሃይማኖቶች ያለ ጥያቄ በእጃቸው ይነኳቸዋልና።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ነፍጥ በአገራችን ጦርነት ፍርድ ሰጪ ሆኖ የታየው በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመን ነው፤ የፖርቱጋሉ ክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ በ1533 ዓ.ም. 400 ሰዎች ይዞ ምጽዋ ሲደርስ፣ ኢማሙም ከቱርኮች ነፍጠኞች አስመጥተው በወፍላ ዳ ጋማን ድል ሲነሡ፣ በመጨረሻም በየካቲት 1535 ዓ.ም. ኢማሙ ራሳቸው በወይና ደጋ በጥይት ተመትተው ሲወድቁ፣ ሁሉም በዚህ መሣሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የነፍጡ በር የባሕሩ በር ሆነ፤ የባሕሩ በር ደግሞ ምጽዋ ስለነበረ፣ በመንገዱ ላይ የተቀመጡት የትግሬ መኳንንት፣ ከእነርሱም ራስ ሚካኤል ስሑል፣ በነፍጥ ብዛት ሌላውን ሁሉ በለጡ። የየጁ መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ አሊ ጀምሮ ራስ አሊጋዝ፣ ራስ ጉግሣ፣ ራስ ይማም፣ ራስ ማርዬ፣ ራስ ዶሪ፣ እስከ ትንሹ ራስ አሊ ድረስ፣ ከባሕሩ ርቀው፣ በፈረሳቸው ታምነው ገዙ።

ፈረስ ነፍጥን እንዴት ቻለው የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል፤ መልሱም በአጎራረሱ ውስጥ ነው። ልሙጥ ነፍጥ ከአንድ መቶ ሜትር ወዲያ ሰው ይመታል ብሎ መተማመን አይቻልም። የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ደቂቃ ከ400 እስከ 500 ሜትር ይሄዳል፤ አንድ መቶ ሜትሩን በ15 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ባለ ክሩ ነፍጠኛ ባሩዱን ለክቶ፣ ጨርቁን አንጥፎ፣ እርሳሱን አውርዶ፣ ክሩን እፍ እስኪል ድረስ ግን አንድ ደቂቃ ቢፈጅበት ፈጣን ነው። ስለዚህ ነፍጠኛው በአንድ ፈረሰኛ ላይ አንድ ተኩስ አለው፤ ሁለተኛ የለውም። ያችንም አንዷን በልኩ ያልተመረጠ እርሳስ ካበላሻት፣ ከዚያ በኋላ በእጁ የቀረው ከእንጨትና ከብረት የተሠራ በትር ነው። ገደልና ምሽግ ያለው እንደሆነ ይህ ሕግ ይሻራል፤ በሜዳ ላይ ግን ጸንቶ ኖረ።

ይህንንም የካቲት 1823 ዓ.ም. ደብረ ዐባይ አሳየ። የዐጋሜው ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው የነፍጠኛ ሠራዊት ይዘው ራስ ማርዬን ገጠሙ፤ ማርዬ በዚያው ውጊያ ሞቱ፤ ነገር ግን የየጁና የወሎ ፈረሰኛ ከጌታው ሞት በኋላ እንኳ ሳይፈታ ነፍጠኛውን ሰባበረው፤ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ያን ያህል ነፍጥ ያለው ጦር በጦርና በጋሻ ድል መነሣቱን የጀግንነት ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚተርኩ አሉ። ጀግንነቱን አልክድም፤ የማጎረሻው ሰዓት ባይረዝም ኖሮ ግን ያ ጀግንነት ከሜዳው መካከል ወድቆ በቀረ ነበር።

ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1834 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር ነገሩ ሊገለበጥ ምንም አልቀረውም። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ውቤ በነፍጥ በርትተው የትንሹን ራስ አሊን ጦር አሸነፉ፤ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ባለ ድሉ በደስታ ላይ ሳለ ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ውቤን ማረኳቸው፤ አሊም ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። ያልጎረሰ ነፍጥ በደጅ ተደግፎ ሲቆም ማንንም አያድንምና።

ከየጁ ቤት ሥልጣኑን በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል የወሰዱት ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የመሣሪያን ነገር ቀደም ብለው በ1840 ዓ.ም. በደባርቂ ከግብጾች መድፍ በተቀበሉት ሽንፈት ተምረውት ነበር። ከነገሡ በኋላ በጋፋት ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ እስከ ማስቀለጥ፣ ያንንም ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ መቅደላ አምባ እስከ ማስጎተት ያደረሳቸው ያ ትምህርት ነው። ሆኖም የእግረኛው ሠራዊታቸው ነፍጥ ከየአገሩ የተሰበሰበ፣ ባለ ክሩም ባለ ሁለት አፉም የተቀላቀለበት ስለነበረ፣ ለሁሉ የሚበቃ አንድ ልክ አልነበረውም፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይገባም፤ ጎን ለጎን የተሰለፉ ወንድማማቾች በመካከላቸው አንድ እርሳስ እንኳ ሊበዳደሩ አይችሉም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዓርብ ስቅለት፣ ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ ያንን ሠራዊት ይዘው ሲወርዱ፣ ከወዲያ የቆሙት የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት በኋላው በኩል የሚጎርሰውን ስናድር ነበር፤ እርሱም በደቂቃ እስከ ዐሥር ጊዜ ይተኮሳል። በዚያ ላይ ዝናብ ወረደ፤ ዝናብም የክርና የተነሰነሰ ባሩድ ጠላት ነው። ገብርዬ ወደቁ፤ ከኢትዮጵያውያኑ ሰባት መቶ ያህል ሲሞቱ፣ ከእንግሊዝ ወገን የቈሰሉት ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ማጎረሻው ከአፍ ወደ ኋላ በመዞሩ ብቻ፣ ሠላሳ ሰባት ዓመት አስቀድሞ በደብረ ዐባይ የተጻፈው ሕግ በወሎ ምድር ላይ ተሻረ፤ ከዚያን ቀን በኋላ በሜዳ ላይ የሚጋልብ ፈረሰኛም፣ ዘንግ የሚመዝዝ ነፍጠኛም እኩል ጊዜያቸው አለፈ።

እዚህ ላይ ስለ ቀጥቃጩ አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በኋላ ዘመን የእያንዳንዱ ጠመንጃ ልክ በፋብሪካ ሲወሰን፣ በዚያ ዘመን ግን የእያንዳንዱን ነፍጥ አፍ በዐይኑ ለክቶ የጥይት ማፍሰሻ የሚያበጅለት፣ የተሰበረ ቃታ የሚጠግንለት ቀጥቃጩ ነበር። ማፍሰሻው ሁለት ክፍል ሆኖ ይገጥማል፤ ክፍሎቹ በጸጉር ያህል ከተዛነፉ ጥይቱ በመካከሉ ቀለበት ያወጣል፤ ያም ቀለበት በቢላ ተልጦ ካልተስተካከለ ጨርቁን ይቀድዳል። ይህን የሚያህል ጥንቃቄ የሚያውቀውን ሰው ኅብረተሰቡ ቡዳ እያለ ከማዕዱ አራቀው፤ መሬት እንዳይወርስ ከለከለው፤ ጦርነት በመጣ ጊዜ ግን በደጁ ተሰልፎ ቆመ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ ዐዋጅ ሲያወጡ፣ በአፈሙዝ ለሚጎርሰው ነፍጥ ዘግይቶ ነበር፤ ለሰውየው ክብር ግን የዘገየ ፍርድም ፍርድ ነው።

ከሀብሩ በስተ ደቡብ፣ በአምባሰል ምድር በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተዋዋሉት ውል ለ17ኛው አንቀጹ ሲባል ብዙ ተጽፎበታል። ከመሣሪያው ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን ዘመኑ በኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ እንደ ጎርፍ የገባበት ዘመን ነው፤ በጉንደትና በጉራ ከግብጾች የተማረከው ረሚንግተን፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ከኢጣልያ የተገኘው ቬተርሊ፣ ሁሉም ባሩዱንና እርሳሱን በናስ ቀለህ ውስጥ አንድ አድርጎ የያዘ ጥይት ይበላሉ። የየጁው ገዥ ራስ ወሌ ብጡል ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ፣ የጦሩን ነገር የወሰነው ማፍሰሻና ሰም ሳይሆን የቀለህ ብዛት ነበር።

ከዚህ ለውጥ የተገኘው ድል ታላቅ ነው፤ ማንም አይክደውም። የጠፋውም ነገር ግን መነገር አለበት። እርሳስ የሚያቀልጥ፣ ባሩዱን ከጨው ባሩድ፣ ከከሰልና ከድኝ የሚያዋሕድ፣ ክሩን ከጥጥ የሚፈትል ሰው ከባሕር ማዶ የሚፈልገው እርሳሱን፣ ብረቱንና ጨርቁን ብቻ ነበር፤ ባለ ቀለሁ ጠመንጃ ግን ጥይቱ ባለቀበት ቀን ሎሌውን ሁሉ ፈትቶ ይለቀዋል። ስለዚህም ጥይት ራሱ ገንዘብ ሆነ፤ የውጅግራ ቀለህ በገበያ እንደ አሞሌ ጨው እየተቈጠረ ዕቃ ገዛ። ባሩድን በቀንዱ ይዞ ይኖር የነበረው የመርሳና የወልድያ ሰው አሁን ወገቡን በዝናር ታጠቀ፤ ዝናሩ የሚሞላው ግን በምድጃው አጠገብ ሳይሆን፣ ወደቡን በያዘው መንግሥት ፈቃድ ነበር። ይህ ነገር ምን ያህል ከባድ መሆኑ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት፣ የጦር መሣሪያ ክልከላው አገሪቱን ባነቃት ጊዜ ተገለጠ።

ቆመህ ጠብቀኝ ግን ከጦር ሜዳ ቢወጣም ከቤት አልወጣም፤ ለሠርግና ለታላቅ ሰው ለቅሶ ይተኮሳል። በእንዲህ ያለው ቀን እርሳስ አይጎርስም፤ ባሩዱ ብቻውን ከሆነ ደግሞ ፍስስ ብሎ ከመንደድ በቀር ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ ተኳሹ ዛሬም ጨርቁን መርጦ፣ አጥፎ፣ በዘንጉ አጥብቆ ይጠቀጥቀዋል፤ ተኩሱ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ላለው መንደር እንዲሰማ የሚያደርገው ያ የጨርቁ ጥብቀት ነው።